ስም የሚጠራበት ዘፈን

ባለፈው ወር እዚህ ሚኒሶታ፣ ሮዝቪል ባለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አንድ ወጣት ከበሮውን ማሞቂያው አጠገብ አስደግፎት አየሁ። ከበሮው በረዶ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አድሮ ቆዳው ረግቧል። ሙቀቱ ሲነካው ያ ሽታ ተነሣ፤ ትንሽ እንደ ጭስ፣ ትንሽ እንደ እርጥብ ሱፍ። ሰው ሁሉ ወንበር እየደረደረ ይሳሳቃል። እኔ ግን የያዝኩትን ወንበር አስቀምጬ ቆምኩ። ፍርሃት በአፍንጫ ይገባል ብልህ ታምነኛለህ? እኔን በዚያ በኩል ነው የያዘኝ።

ነገሩ ከዓመታት በፊት ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው ደቡብ ሚኒያፖሊስ ነው። አባቴ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። የዳኮታ ልጅ ናት፤ ከተማው ሳይኖር እዚህ ምድር ላይ የነበሩት ሰዎች ልጅ። ያሳደገቻት አክስቷ ዘፋኝ ነበረች፣ ያን ክረምትም አልበም ለመሥራት ተነሥታለች። የአያቶቿን ዜማ በእጅ ከበሮ ትመታለች፣ ከሥሩ ጊታርና ቤዝ ይገባል፣ ወጣቶች የሚወዱት ዓይነት ምት ይጨመርበታል። ዘፈኖቹ የፍቅር አልነበሩም። ስለ ተበከለ ወንዝ፣ ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ቋንቋቸውን እንዲረሱ ስለተደረጉ ልጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠፍተው ስለቀሩ ሴቶች ነበሩ።

«ኪቦርድ የሚጫወትልን ሰው የለንም፤ ትመጫለሽ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

እናቴ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «የምን ከበሮ ነው? ምን መንፈስ እንደሚጠሩበት ታውቂያለሽ?» አለች። አባቴ ግን «እኔ ራሴ አደርሳታለሁ፣ እኔው ፒክ አደርጋታለሁ» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ድረስ ይወስደኛል። ሊመልሰኝ ሲመጣም ሞተሩን ሳያጠፋ ጥሩምባ ይነፋል እንጂ ከመኪናው አይወርድም። እሱም እንደ እናቴ ፈርቶ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

የምንቀዳው አክስትየዋ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። ጣራው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ። ከበሮዎቹ ማሞቂያው አጠገብ ተሰቅለው ይሞቃሉ፤ የቆዳቸው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ወደ ታች በሚወስደው ደረጃ ግድግዳ ላይ የሴቶች ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። ሁሉም ሲስቁ የተነሡ ናቸው። ከሥራቸው «ያየ ይንገረን» ይላል። እነሱን እያዩ መውረድ ያስፈራኝ ስለነበር ዓይኔን እግሬ ላይ ተክዬ ነበር የምወርደው። የመጨረሻው ፎቶ ላይ ያለችው የጓደኛዬ እናት፣ የአክስትየዋ ታናሽ እህት ነበረች። ጓደኛዬ ሕፃን ሳለች አንድ ቀን አውቶቡስ ልትይዝ ወጣች፣ አልተመለሰችም። በቃ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ስለዚህ በዚያ ቤት የማይጣስ ደንብ ነበር። የትም ስትደርሺ ቴክስት ታደርጊያለሽ። እኔም ብሆን ገና የቤታችንን በር ሳልከፍት «ደረስሽ?» የሚል የአክስትየዋ መልእክት ስልኬ ላይ ይመጣል።

ከዘፈኖቹ አንዱ ለዚያች እናት የተሠራ ነው። ግጥም የለውም ማለት ይቻላል። ከበሮው ቀስ ብሎ ይመታል፣ ጓደኛዬ የእናቷን ስም መጥራት አለባት፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቆሞ ዝም ይላል፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። መጀመሪያ የተለማመድን ዕለት ጣቶቼ ሳላስበው ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ሄዱ። አክስትየዋ እጇን ከከበሮው ላይ አነሣች።

«ይህ ከየት ነው?»

«ከእኛ ቤት።»

«እንዳትቀይሪው።»

ደስ አለኝ። ግን ያ ዝምታ በመጣ ቁጥር እፈራ ነበር። ጓደኛዬም በልምምድ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። አፏን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። «ሲቀዳ እጠራታለሁ» ትላለች።

የሚቀዳበት ቅዳሜ ደረሰ። አየሩ አፍንጫ ውስጥ የሚረጋ ብርድ ነበር። ጓደኛዬ ጠዋት ከምትሠራበት ሱቅ በአውቶቡስ መምጣት ነበረባት። ጊታሪስቱ መጣ፣ እኔ መጣሁ፣ ሰዓቱ አለፈ። አክስትየዋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ሱቁ ደወለች፤ «ከወጣች ቆየች» አሏት።

ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አልጮኸችም። ከበሮውን ከማሞቂያው አንሥታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችውና፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ያን ጊዜም እንዲህ ነበር የጀመረው» አለች። በትንሿ መስኮት የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ ሆነ። በክረምት እዚህ ቶሎ ይመሻል።

ጥሩምባው ተነፋ። ጫማዬን ሳላስር ሮጬ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ጓደኛዬ ጠፋች!»

«ግቢ፣ እንሂድ» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ሞተሩን አጠፋ። ወረደና ኮፍያውን አውልቆ፣ በሩ ላይ ለቆመችው አክስት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። «እህቴ፣ ነይ ግቢ። አብረን እንፈልጋታለን» አላት በተሰባበረ እንግሊዝኛው።

አውቶቡሱ በሚሄድበት መንገድ እየነዳ በየፌርማታው ቀስ ይላል። በስልክ ሾፌር ጓደኞቹን ይጠራል። «ስማ፣ አንዲት ልጅ ጠፍታብናለች። ቀይ ጃኬት፣ ረጅም ፀጉር። አዎ፣ ልጄ ናት በለው። ለሁሉም ንገርልኝ።» «እሺ ጋሼ» የሚሉ ድምፆች ይመጣሉ፣ አንዳንዱ አማርኛው ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚል። አክስትየዋ ቋንቋውን ባትሰማም ስልኩ በበራ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ቀይ ነገር ሁሉ፣ የመኪና ፍሬቻ እንኳ፣ ጃኬቷ ይመስለኛል። ደረጃው ግድግዳ ላይ ከእናቷ ፎቶ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ነበረ። እሱን ላለማሰብ ብሞክር አልቻልኩም።

ከዚያ አንድ ሾፌር ደወለ። «ጋሼ፣ ፎርት ስኔሊንግ ባቡር ጣቢያ ቀይ ጃኬት የለበሰች ልጅ አለች። ልጠጋት ስል ፈራችኝ። ራቅ ብዬ እየጠበቅኋት ነው።»

ስተረጉምላት የአክስትየዋ ፊት አመድ መሰለ። «እዚያ?» አለች። ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት በዚያ አካባቢ ቅድመ አያቶቿ በመንግሥት ወታደሮች አንድ ክረምት ሙሉ ታጉረው ብዙዎቹ እንዳለቁ ነግራን ታውቃለች። እስክንደርስ ድረስ ከበሮውን ከጭኗ ላይ አላወረደችም።

ጓደኛዬ ጣቢያው ማሞቂያ ሥር ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ስልኳ በብርዱ ሞቷል። አውቶቡሱን ትታ ባቡር ላይ ወጥታ ከጫፍ ጫፍ ስትመላለስ ውላለች። አክስቷ አልተቆጣቻትም፤ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ሻርቧን አጥብቃ አሰረችላት።

«እናቴን ብጠራትና ባትመልስ» አለች ጓደኛዬ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ሞታለች ማለት ነው።»

አባቴ ምን እንዳለች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ካፖርቱን አውልቆ ደረበላት። ከዚያ ወደ ቤት መለሰን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ አብሮኝ ገባ። ደረጃውን ሲወርድ በየፎቶግራፉ ፊት ቆም አለ። ታች ጥግ ላይ ወንበር አግኝቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ከበሮው ጀመረ። እኔ ተከተልኩ። ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፍና የእናቷን ስም ጠራች። ድምፅዋ ሕፃን ልጅ ከግቢ ሆና እናቷን እንደምትጣራበት ዓይነት ነበር። ስሙን እዚህ አልነግርህም፤ የእሷ ነው። ሁሉም ነገር ቆመ። ያ ዝምታ መጣ።

ከኋላዬ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አቤት» አለ አባቴ።

ጊታሪስቱ ዞሮ አየው። አባቴ አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ፣ አምልጦኝ ነው» አለኝ በአማርኛ። «ልጅ ስትጣራ እንዴት ዝም ይባላል?»

አክስትየዋ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። «እኛ ዘንድ ሰው ሲጠራ እንዲህ ብሎ ነው የሚመልሰው» አልኳት።

«እንደገና እንቅዳ?» አለ ጊታሪስቱ።

«አይሆንም» አለች ጓደኛዬ፣ አባቴን እያየች። «ይኑር።»

አልበሙ ወጣ። ብዙ ሰው ሰምቶታል ብዬ አልዋሽህም። ጓደኛዬና አክስቷ ወደ ዘመዶቻቸው አገር ሄዱ፣ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። አባቴ አሁን መንዳት አቁሟል፤ ብዙ ነገር ይረሳል፤ ለጓደኛዬ ስደውልላት ግን ከሶፋው ቀና ይላል።

«እናቷስ?» ይለኛል።

«እስካሁን አልተገኘችም አባዬ።»

«እስካሁን» ማለትን ሁለታችንም አልተውንም።