ለሁሉም አንድ ዓይነት ምሳ

ሳን ሆዜ የምትኖር አንዲት እናት ዛሬም «ልጄን ያስራበች አሰልጣኝ» እያለች ታወራለች አሉ። ለሰው መልስ መስጠት ስለሰለቸኝ ዝም ብዬ ኖርኩ። አሁን ግን የሆነውን እኔው ልናገር።

በረዶ ላይ መንሸራተት የተማርኩት ሰሃን አጣቢ ሆኜ ነው። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ተራራ ላይ ያለ ሆቴል ወጥ ቤት ቀጠረኝ፤ ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ በነጻ መንሸራተት ይፈቀድለት ነበር። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ያገሬ ሰዎች ሲሰሙ ሳቁብኝ፤ አንዷማ «እሷ ደግሞ ፈረንጅ ሆናለች» ብላ አስወራችብኝ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኦክላንድ አጠገብ ወዳለችው ሳን ሊያንድሮ ወረድኩ። በሳምንቱ ቀናት አረጋውያን እጠብቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የኦክላንድ ልጆችን በአውቶቡስ ወደ ተራራው የሚወስድ ክለብ ውስጥ አስተምራለሁ።

አስተማሪነቴ ውስብስብ አልነበረም። መጀመሪያ መውደቅ፣ ቀጥሎ መነሳት፣ ቀጥሎ ራስን ማቆም። ራሱን ማቆም የማይችል ልጅ ወደ ላይ የሚወስደው የገመድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ሰበብ አልሰማም፤ «እግርሽን አሳዪኝ» ነው የምለው። ለምሳም ሕግ አወጣሁ፤ ከቤት ምግብ ይዞ መምጣት ክልክል ነው። አንዱ ሥጋ፣ ሌላው ደረቅ ዳቦ ይዞ ሲሸማቀቅ ስላየሁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይብላ አልኩ። ክለቡ የአይብ ሳንድዊችና ትኩስ ወተት በቸኮሌት ማቅረብ ጀመረ። በዚህ ሕግ እኮራ ነበር።

ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ከክለቡ ልጆች ብቸኛዋ ያገሬ ልጅ። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቷ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ እየነዳች አምጥታ «አደራ፣ እትዬ» ብላ ታስረክበኛለች። ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በመጋቢት መጨረሻ ውድድር ላይ ከሚሰለፉት አራት ልጆች አንዷ መሆን። እስከ የካቲት አጋማሽ የሚቀድማት አልነበረም። ከዚያ እግሯ ከዳት። ጠዋት ደህና ትሆንና ከምሳ በኋላ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ሰንፋለች አልኩ። ፊት ለፊትም ነገርኳት፤ አንገቷን ደፍታ ወደ ልምምዷ ተመለሰች። በመጨረሻው ልምምድ የገመድ ወንበሩ ጋ ሳትደርስ በረዶው ላይ ቁጭ አለች። ያን ዕለት የአራቱን ስም ለዋናው አሰልጣኝ ሰጠሁ። እሷን አላስገባሁም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጓደኛዋ ከኋላዬ ስትቀልድ ሰማሁ። «እሷ ትጾማለች፣ የምወፍረው እኔ ነኝ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ የሷንም ሳንድዊች የበላሁት እኔ ነኝ» ትላለች።

ሁዳዴ ነበር። እኔ መጾም ከተውኩ ስንት ዓመቴ፤ መግባቱንም አላወቅኩም።

ቤት እንደደረስኩ ለእናቷ ደወልኩ።

«ሀበሻ ነዎት፤ የጾም ያዘጋጁላታል ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። «ሕጉን ያወጡት እርስዎ። ለእርስዎ ጾም ላስተምር?»

ልጅ አስጹሞ ተራራ የሚልከውስ ማነው አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ዋናውን አሰልጣኝ ስሟን እንዲያስገባ ለመንኩት። የእንግሊዝኛ አነጋገሬን እያስመሰለ ወላጆችን ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ አሁንም አልማረኝም።

«ሰበብ አልሰማም፣ እግርሽን አሳዪኝ የምትዪው አንቺ አይደለሽም?» አለኝ።

ቦታውን ያገኘችው ልጅ ደግሞ በደስታ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ከሷ ልነጥቅ አልችልም።

በውድድሩ ቀን ልጅቷ መጣች። መጨረሻው መስመር አጠገብ በረዶው ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ ከቤት ያመጣችውን የለውዝ ቅቤ የተቀባ የጾም ዳቦ አውጥታ በሁሉም ፊት በላች። ልጆቹ እኔን አዩኝ። ዳቦውን አላስጣልኳትም። ይቅርታ ልላት ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጫማው የላላበት ሌላ ልጅ አገኘሁና ወደዚያ ሄድኩ።

ማታ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ትንንሾቹ ከመውደቅ ትጀምር እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አንቺ ከላይ ነው የምትጀምሪው» አልኳት።

በቀጣዩ ታኅሣሥ የምሳውን ሕግ ሰረዝኩ። ስሟን የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር አናት ላይ ጻፍኩ። ሦስት ቅዳሜ፣ ሾፌሩ እያጉረመረመ፣ አውቶቡሱን አሥር አሥር ደቂቃ አስቆምኩላት። አልመጣችም።