የእማ አንጓች ሁለት መስመር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከቢቸና በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «እትዬ፣ የእናንተ ቲያትር እንደገና ተከፈተ፤ እንዴት እንዳወደሱት እይው» ብላ ጽፋበታለች። የፍልሰታ ጾም ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን ሳላወርድ፣ እህልም ሳልቀምስ፣ በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሐያሲው ቲያትሩን አሁን የምታሳየውን ትንሽ የግል ቡድን ከትልልቆቹ መድረኮች ሁሉ አስበልጧታል። ይሁን፣ ይገባታል። መጨረሻው ላይ ግን «ደራሲው ለትውልድ ከተማው ለቢቸና የተቀኘው ሁለት መስመር የአገር ፍቅር ጥግ ነው» ይላል። ስልኩን ከግድግዳው ጋር ላላትመው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በጾም መቆጣት እንደማይገባ አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴም ነግሬአቸዋለሁ። ቁጣው ግን አልበረደልኝም፤ የምጽፈውም እንደተቆጣሁ ነው።

ያኔ፣ ቢቸና ሳለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰባት ሆነን አንድ ነጋዴ በፈቀደልን የእህል መጋዘን ውስጥ እንለማመድ ነበር። የጤፍ ብናኝ ጉሮሮ እየከረከረ፣ ልብ የሚነካው ቦታ ላይ ስንደርስ አንዳችንን ያስነጥሰን ነበር። ደራሲውም ዳይሬክተሩም ይበልጣል ነው። ቲያትሩ ልጇ ለሥራ ወጥቶ ስለቀረባት እናት ነው፤ እናቲቱ እኔ ነበርኩ። ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ጎረምሳ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ «እማዬ፣ እኔ ስወለድ አንቺ የት ነበርሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

መጨረሻው ግን አልሆን አለ። ይበልጣል እየጻፈ ይቀድዳል፣ ደግሞ ይጽፋል። አንድ ቀን ስለ ጎረቤታችን ስለ እማ አንጓች ነገርኩት። አንድ ልጃቸው ምንይችል ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደወረደ ከቀረ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ዘመድ ልቅሶ ተቀመጪ ቢላቸው እምቢ ብለዋል። በየገበያው ቀን መናኸሪያው በር ላይ፣ ከሞጣ የሚመጣው መኪና በሚታይበት በኩል ቆመው ለራሳቸው እንዲህ ይሉ ነበር፦

ስንቅ አምጣ አላልኩህም፣ ወሬም አልጠየቅሁህ፤
ቢቸና ልጄ ሆይ፣ ቆሜ እየጠበቅሁህ።

ላይ ላዩን ሲሰሙት የከተማችን ስም ነው። እሳቸው ግን ቃሉን ሲያወጡት ሰበር ያደርጉታል፤ «ብቻ ና» ነው የሚሉት። ባዶ እጅህን ቢሆን፣ ታመህ ቢሆን፣ አንተ ብቻ ና። በእኛ አገር ይህን ለመስማት ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

ይበልጣል ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። አብረን ሄደን ለመንናቸው። የሽምብራ ቆሎ አቀረቡልን።

«ውሰዱት» አሉ። «ሙሾ እንዳታደርጉብኝ ግን፤ ልጄ አልሞተም። ሞጣ ስታሳዩ አስቀድማችሁ ስሙን ጥሩልኝ። የቢቸናዋ የአንጓች ልጅ ምንይችል በሉ። ከመተማ የሚመጣ ሰው በሞጣ ያልፋል፤ አንድ ያየው አይጠፋም።»

ይበልጣል ጉልበታቸውን ነክቶ፣ እኔው ራሴ ቆሜ እጠራዋለሁ አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ስመኝ፣ አንቺ የማርያም ጽዋ ልጅ ነሽ። እሱ ቢረሳ አንቺ አስታውሺው።»

በታኅሣሥ በአይሱዙ ላይ ተጭነን ወደ ሞጣ ሄድን። ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሞ ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ የሽምብራ እሸት አንስተን፣ አቧራውን ከእሸቱ ጋር እየበላን ስንስቅ ሞጣ ደረስን። ገበያ ቀን ስለነበር አዳራሹ ከቀትር በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ያኔ ነው ከአዲስ አበባ አንድ የጋዜጣ ሐያሲ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል የሚል ወሬ የገባው።

ይበልጣል ሌላ ሰው ሆነ። ከእናቴ አንሶላ በሰፋነው መጋረጃ ጀርባ ሳስታውሰው ፊቱን አጨፈገገ።

«ዛሬ ይቅር ስመኝ። ቲያትር ሊጀመር ሲል የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ብናነብ ገጠሬ ነው የሚሉን።»

ቃል ገብተናል እኮ ስለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ አለኝ። መጋረጃው ተከፈተ።

ረስቼው ነበር ብል በወደድኩ። አልረሳሁም። ሁለቱ መስመሮች ጋ ስደርስ አዳራሹ እስትንፋሱን ዋጠ። ስሙን ለመጥራት አፌን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያን ጸጥታ ግን ለራሴ ፈለግሁት። ግጥሙን አልኩት፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ተጨበጨበልኝ።

ጋዜጣው ቢቸና ሲደርስ መጋዘኑ ውስጥ ቆመን አነበብነው። ሰውየው ቃሉን የከተማ ስም አድርጎ ሰምቶታል፤ ደራሲው አገሩን እንዴት እንደሚወድ አንድ ዓምድ ሙሉ ጽፎበታል። እኔን «ሳታለቅስ የምታስለቅስ» ብሎኛል። ማረም አለብን ብዬ ነበር። ይበልጣል እየሳቀ፣ እንደዚያ መስማቱም አንድ ፍቺ ነው አለ። እኔስ ምን አደረግሁ? እኔን ያወደሰበትን ቦታ በመቀስ ቆርጬ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከመዝሙረ ዳዊት ጋር!

በማግስቱ እማ አንጓች መናኸሪያው በር ላይ አገኙኝ።

«ስሙን ጠራችሁት?»

«አዎ» አልኩ።

«ሰዉ ምን አለ?»

«ዝም ብሎ ሰማ።»

አገጬን ይዘው ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ ከሞጣ መኪና የሚወርደውን ሁሉ፣ ስሙ ሲጠራ የሰማችሁ የለም ወይ እያሉ ይጠይቁ ጀመር። እኔም አገሬን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ አየሁ፤ መንገድ እየቀየርኩ አለፍኳቸው። ምንይችል አልመጣም። እሳቸውም እየጠየቁ ሞቱ።

ጽሑፉን ባነበብኩ ዕለት ለይበልጣል ደወልኩለት። ድምፁ አርጅቷል። «እሳቸው እኮ ሞተዋል፤ አሁን ለማን ብለሽ ነው?» አለኝ። ሰው እንዲህ ይላል? የሞተ ሰው ቃሉም አብሮት ይቀበራል? ከዚያ ለአሁኑ ሐያሲ ጻፍኩለት። በትሕትና መለሰልኝ፤ ግጥሙ የወይዘሮዋ ስለመሆኑ ማስረጃ ካለዎት ይላኩልን ይላል።

ሌሊቱን ንዴት ሲያነደኝ አደረ። ማስረጃ! ፊደል ካልቆጠሩ ሴት ምን ወረቀት ይገኛል? ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ ግን ማስረጃው እኔ ጋ እንዳለ ገባኝ፤ ሌላ ማንም ጋ የለም። ያ «አዎ» ያልኩት ነው። ግጥሙ የይበልጣል ቢሆን ኖሮ፣ በመናኸሪያ በር አንዲት እናት ፊት ምን ያስዋሸኝ ነበር? እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ ብቻ የተናገርኩትን ኃጢአት ከነሙሉ ስሜ ጽፌ፣ ፈርሜ ላክሁለት። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከፈለገ፣ እሱም እንደ ያኔዋ እኔ ጆሮ እንጂ ልብ የለውም ማለት ነው።