የአባቴ ግራ ዐይን

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልቅሶ ወልድያ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ወዲያ ኮብልስቶን በሚጠርቡ ወጣቶች አጠገብ ሳልፍ፣ ከመዶሻቸው ሥር የሚወጣው ሽታ እግሬን ያዘው። ጥቁር ድንጋይ በኃይል ሲመታ የሚሰጠው፣ እንደ ተተኮሰ ጥይት ጭስ ያለ፣ ጉሮሮን የሚከረክር ሽታ ነው። ባጃጁ ጡሩንባውን ሲያንባርቅብኝ እንኳ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከጠራቢዎቹ አንዱ ክንዴን ይዞ ዳር ሲያወጣኝ፣ ልጅነቴ ከነደሙ ተመልሶ መጥቶብኝ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን በአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የጨረሰ ጂኦሎጂስት ነበር። እኛ ከእናታችን ጋር በትውልድ ከተማዋ በመርሳ ስንኖር፣ እሱ ክረምቱን አዲስ አበባ ቢሮው፣ በጋውን በየበረሃውና በየገደሉ ያሳልፍ ነበር። ሲመጣ ሻንጣው ከልብሱ ይልቅ ድንጋይ ይበዛበታል። እናቴ «የሰው ባል ሽቶ ያመጣል፣ የእኔው ጭነት ያመጣል» እያለች ግማሹን በር ማስደገፊያ፣ ግማሹን ንፋስ ስጥ እንዳይገለብጥባት መጫኛ ታደርገዋለች፤ እሱም ከበርበሬው መሀል አንዱን አንሥቶ እንደ ሕፃን እየጠራረገ ያዝንለታል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ መሥሪያ ቤቱ የሐብሩን ተራሮች እንዲያጠና ላከውና በጋውን ሙሉ እኛ ቤት አደረ። ሥራው ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻው እየሰበረ፣ ለደጋው መንደሮች የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ መፈለግ ነበር። ክፋቱ፣ በዚያው በጋ የአንዱ መንደር ምንጭ ነጠፈ። ሴቶች በጭላጩ ሲሻሙ እንስራ ተሰበረ፣ ራስ ተፈነከተ። በዚህ መሀል አንዱ ተነሥቶ «ባለመዶሻው ወርቅ ሊያወጣ የምንጩን ጅማት ቆርጦታል» አለ፤ ወሬው በገበያ ቀን መርሳ ወርዶ፣ አብጦና ጠቁሮ ተራራውን ተመልሶ ወጣ።

እኛ አልሰማንም። ቅዳሜ ስለነበር አባቴ እኔንም ይዞኝ ወጥቶ፣ መኪናውን ከነሾፌሩ ከታች ትተን በእግር ገደሉን እየዞርን ነበር። መጀመሪያ ፉጨት ሰማን፤ ከዚያ ሰው ከአፋፉ እንደ ጎርፍ ወረደብን። «ውሃ ነው የምፈልገው! ስሙኝ እንጂ!» አለ አባቴ እጆቹን አንሥቶ። ማን ይስማው። የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻውን አገኘው፤ የዱላው ምት ክንዱ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲጮኽ ሰማሁ። በደረቱ ሸፍኖ ከሥሩ አስተኛኝ፤ ዱላው በእሱ ጀርባ ላይ ሲወርድ እኔን ከመሬቱ ጋር ያጣብቀኝ ነበር፤ ደሙ አንገቴ ላይ ሙቅ ሆኖ ይፈስሳል።

ያኔ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ሕዝቡን በከዘራቸው ሰንጥቀው ደረሱና ጋቢያቸውን በላያችን ጣሉ። «እኔን ግደሉና እለፉ! ሴት ልጁን ይዞ የመጣን እንግዳ ነው የምትወግሩት?» ብለው ሲቆሙ ዱላው ተገታ። አባቴ ሊያመሰግናቸው ይሁን አየር ሊስብ፣ ከጋቢው ሥር ቀና አለ። ከአፋፉ የተለቀቀች አንዲት ድንጋይ በሐጂ ትከሻ በኩል አልፋ ግራ ዐይኑን መታችው። እንደ ሰው አልጮኸም፤ እንደሚታረድ ከብት አጓራ። ሐጂ ዘወር ሲሉ የገዛ ልጃቸው ይመር ክንዱ እንደተዘረጋ ቆሟል። «ያረቢ! ያንተ እጅ ነው?» ብለው በጉልበታቸው ተቀመጡ። የወገሩት ሰዎች ናቸው ከዱላቸው ቃሬዛ ሠርተው እስከ መኪናው የተሸከሙት።

ሐኪሞቹ ክንዱን ጠገኑለት፤ ዐይኑን ማዳን ግን አልቻሉም። የእናቴ ወንድም አጎቴ አራጋው ይህን ሲሰማ ጠመንጃውን አንግቶ ተራራ ወጣ፤ ይመርን ቢያጣው የሐጂን የእህል ክምር አቃጠለ፣ በሬያቸውን ከነቀንበሩ ተኩሶ ጣለ። በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ጎረምሶች ወርደው ቤታችንን በጥይት ደበደቡት። እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አልጋ ሥር አስተኝታ በላያችን ተዘረጋች፤ ቆርቆሮው ሲበሳ ብርሃን በየቀዳዳው እንደ ዘንግ ይገባ ነበር።

አባቴ ከሐኪም ቤት በወጣ ሳምንት ሐጂ ሰይድ ከመንደሩ ቄስ ጋር ሆነው፣ ይመርን ድንጋይ አሸክመው ግቢያችን አመጡት። ወጣቱ ድንጋዩን ከአንገቱ ሳያወርድ አባቴ እግር ሥር ተደፋ። አጎቴ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«አራጋው፣ አውርደው» አለ አባቴ። «እኔ ያጣሁት ዐይን ነው፤ አንተ የምትወስደው ሰው ነው።»

«እኔስ ስለ ምኔ ልማረው?» አለች እናቴ ከበሩ። ሐጂ አንገታቸውን ሰበሩ፤ «ልክ ነሽ ልጄ። እኔም በምን አፌ እለምንሻለሁ» አሉ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በደህና እጁ አነሣለት፤ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ «ይህ የተራራው አይደለም፣ ከወንዝ ነው ያመጣችሁት» አለ። ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሐጂ ሳቁም አለቀሱም። ካሳ ምን ይሁን ሲባል፣ «መቆፈሪያው ማሽን ሲመጣ መንገድ እንዳትዘጉበት» ብቻ አለ። ለተቃጠለው ክምርና ለበሬው አጎቴ ሁለት ወይፈን ሰጠ። እናቴ ግን ለይመር ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት ሞተች።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ደረቅ ሆነ። ሁለተኛው ውሃ ሰጠ፤ ዛሬም ያንን ይጠጣሉ።

በክረምቱ አባቴ አዲስ አበባ ቢሮው ወሰደኝ። ከአውሮፕላን የተነሡ የአንድ ቦታ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሁለት መስታወት ያለው ትንሽ መሣሪያ በላያቸው አቁሞ፣ በሁለቱም ዐይኔ እንዳይ ነገረኝ። ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱ ብድግ አለ፤ የሐብሩ ተራሮች፣ ሸንተረሩ፣ የመርሳ ወንዝ ሸለቆ፣ በእጄ የምዳስሳቸው እስኪመስለኝ ተነሡ። ጂኦሎጂስት አገር የሚያነበው እንዲህ ነው፤ ሁለት ዐይን ይፈልጋል።

«ተነሣልሽ?» አለኝ።

«ተነሣ አባዬ!»

«እስቲ ንገሪኝ፣ የቱ ነው ከፍ ያለው?»

ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታው ወጣት ጂኦሎጂስቶችን አሠለጠነ፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ ተራራ ለተራራ የሚዞሩት የእሱ ተማሪዎች ናቸው፤ በብዙ ካርታ ጥግ ላይ ስሙ በደቃቅ ፊደል አለ። ሲሞት ይመር ሽበታም ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከሣጥኑ ሥር ትከሻውን አስገባ፤ ማንም አልከለከለውም። እኔ ግን ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ከመሣሪያው ቀና ስል ያየሁት የአባቴ ፊት ነው የማይጠፋኝ። በአንድ ዐይኑ ሁለቱን ፎቶግራፎች በየተራ ያያል፤ ጎንበስ ይላል፣ ያርቃቸዋል፣ ያቀርባቸዋል፤ ተራሮቹ ግን ለእሱ ወረቀቱ ላይ እንደተኙ ናቸው።