እናቴ ብርቱካን የታዘዘላት ጊዜ

ልጅ እያለሁ የብርቱካን ሽታ ያስደነግጠኝ ነበር። እኛ አንኮበር ስናድግ ብርቱካን የበሽተኛ ነው። ሰው ሲታመም ጠያቂ በፌስታል ይዞለት ይመጣል፣ ራስጌው ይቀመጥለታል። እኛ ልጆች የተጣለውን ልጣጭ ተሻምተን አንዳችን የሌላችን ዓይን ላይ እየረጨን እንጫወታለን። ጤነኛ ልጅ "ብርቱካን አማረኝ" ካለ፣ አተኩሶት እንዳይሆን ተብሎ ግንባሩ ይዳበሳል። ሳይንስ ስንማር ብርቱካን ቫይታሚን ሲ እንዳለው፣ ድድ እንዳይደማና ቁስል ቶሎ እንዲደርቅ እንደሚረዳ ሸምድጄ ፈተና ላይ መልሻለሁ። ግን እሱ የፈተና ነገር ነው። ቤታችን ከገብስ፣ ከባቄላና ከድንች ሌላ ብዙ አያውቅም።

አንድ ዓመት ክረምት ላይ የእናቴ ድድ ይደማ ጀመር። እግሯ ላይ የነበረች ትንሽ ጭረት አልድን ብላ ከረመች፤ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንኳ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። አባቴ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሲመለሱ እኔና አክስቴ በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። አባቴ የያዘው ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ነበር። ክኒን የለ፣ ሽሮፕ የለ።

"መድኃኒቱስ?" አለች አክስቴ።

"መድኃኒት አያስፈልጋትም አሉ። ብርቱካንና አትክልት ትብላ ነው ያሉኝ።"

ክው አልኩ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወደ ጓዳ ገባች። በእኛ አገር ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ለቤተሰቡ ብቻ በጆሮው "የሚያምራትን አብሏት" ይባላል፤ ያ ማለት አበቃላት ማለት ነው። እናም አባቴ እውነቱን እየተናገረ ቢምልስ ማን ሊያምነው? መደበቅ ወጉ ነዋ! "የደበቅኩት የለም" ባለ ቁጥር ይበልጥ የደበቀ መሰለን።

እናቴም የገባት እኛ የገባን ነው። ብርቱካኑን ዞር ብላ አላየችውም። አልጋው ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ለአክስቴ፣ የአንገቷን መስቀል ለእኔ ተናዘዘች። "ታናናሾችሽን አደራ" አለችኝ። እናቴ ልትሞት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ብርቱካን አነሳ፣ በጥፍሩ ልጦ፣ ጭማቂው በጢሙ ላይ እየወረደ ይበላው ጀመር። ለበሽተኛ የመጣ መቅመስ በሽታውን መጋራት ነው ይባል ስለነበር አንዲት ጎረቤታችን አማተበች። እኔ ደግሞ ሁለቱም ሊያልቁብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ።

"አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?" አለች እናቴ።

ሌላ አንስቶ አጠገቧ ተቀመጠና መላጥ ጀመረ። ይሄኔ እጇን ዘረጋችና ግማሹን ተቀበለችው።

ከዚያ በኋላ አባቴ አልዩ አምባ ገበያ በወረደ ቁጥር ብርቱካን ሳይዝ አይመለስም ነበር። ድዷ መድማቱን ተወ፣ ቁስሏም ደረቀ።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርቱካን በየመንገዱ በጋሪ ይሸጣል፤ ጥቅሙንም ስልኩ ሁሉ ሲለፍፍ ይውላል። ልጆቼ ግን አንዴ ገምጠው ይተዉታል። አባቴ ካረፈ ቆየ፤ እናቴ ከእኔው ጋር ናት። ይህን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ ለሳቅ ነበር የማወራው። ሰሞኑንም ለልጆቼ "አያታችሁ ራሱ በልቶ አሳያትና አመነችው፣ ዳነች" ብዬ ሳስቃቸው እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

"መች አመንኩት?" አለችኝ። "አብሮኝ ሊሞት የቆረጠ ነው የመሰለኝ።"

ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።

"ታዲያ ለምን በላሽ፣ እማዬ?"

"ብቻውን ይብላ እንዴ?"