«አብራፕት» የተባለችው ልጅ

«አብራፕት» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ድንገተኛ ማለት ነው ይላሉ። አይደለም። ነውም፤ ግን አንድን ቃል በአንድ ቃል ተርጉሞ ጨረስኩ የሚል ሰው ለጎረቤት አደገኛ ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ሰቆጣ ውስጥ ከቤቴ ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ልጇ አረብ አገር በአንድ ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች። አረብኛው ይቀናታል፤ እንግሊዝኛው ግን ከሰላምታና ከክፍል ቁጥር አያልፍም። አንድ ሰኞ ጠዋት እናትየዋ ስልኳን ይዛ መጣች። ልጅቱ አለቆቿ የሰጧትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ልካለች።

«አንብብልኝ እስቲ፤ መቼም ስታነብ ነው የምትውለው» አለችኝ።

እስከ ሐሙስ በጽሑፍ መልስ ካልሰጠች ከእንግዳ መቀበያው ትነሳለች ይላል፤ ይህን በትክክል አነበብኩ። ጥፋቷ ግን በእንግዶች ፊት «አብራፕት» መሆኗ ነው። ቃሉን የማውቀው ከልቦለዶች ነው፤ እዚያ ሰው ሲሞት ወይም ዝናብ ቀጥ ሲል ይመጣል።

«ድንገተኛ ነገር አለባት ይላል» አልኳት።

«ምን ዓይነት ድንገተኛ?»

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ብዙ ያነበበ ሰው ይህን ቃል አይወድም። «ያው፣ ድንገት የሚነሳባት ነው፤ እንግዳ ፊት» አልኩ።

ድንገት ተነስቶ ሰው ፊት የሚያዋርድ ነገር በእኛ አገር አንድ ነው፤ የሚጥል በሽታ። እናትየዋ ወረቀቱንም ሐሙስንም ረስታ ሱቋን ዘጋች። እስከ ቀትር ጠበል በጀሪካን መጣ፤ ሙስሊም ነጋዴ ጎረቤቶቻችን ዱዓ አስደረጉላት። ልጅቱ በሌለችበት ጠበሉን ማን እንደሚጠመቅ ግን የተስማማ የለም። ልጅቱ ስትደውል እናቷ፣ «አትደንግጪ ልጄ፤ ብቻ ከደረጃ ራቂ» ትላታለች።

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቱ ለእኔ ድምፅ ቀድታ ላከች። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያነበቡት? እኔ በሕይወቴ ወድቄ አላውቅም። እማ እያለቀሰች ስለ ደረጃ ትነግረኛለች። ወረቀቱ ምንድን ነው የሚለው?»

ያን ጊዜ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አንደኛው ትርጉም ድንገተኛ ነው። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል ነው፤ ወደ አምደወርቅ በሚኒባስ የሄደ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ሦስተኛው ንግግሩ ቁርጥ ያለ፣ ማለሳለሻ የሌለው ሰው ነው።

ሳቄ መጣ። እንግዳ ክፍል ሲጠይቃት «የለም» ትላለች፤ ሲደግምባት «የለም አልኩህ»። ያደገችው እናቷ ሱቅ ውስጥ ነዋ! እናትየዋ ከአፍ መፍቻዋ ከኽምጣኛ ወደ አማርኛ ስትሻገር የምትይዘው የሚያስፈልጋትን ቃል ብቻ ነው። እንዲያውም የአገራችንን የዋግን አነጋገር ደረቅ የሚሉት የመሀል አገር ሰዎች ይደንቁኛል። «የለም» ለማለት ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሰው ጨዋ ተብሎ፣ ወዲያው የነገረህ ባለጌ ይባላል።

ቢሆንም የአለቆቿን ሐሳብ የሚቀይር ነገር መስሎኝ አንድ ገጽ ሙሉ ይቅርታ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ደውዬ ትርጉሙን አነበብኩላት።

«ጋሼ፣ ረዘመ» አለችኝ። «‹ገባኝ፤ አስተካክላለሁ› ይበሉልኝ። በቃ።»

እንዳለችው ጻፍኩ። ስንጨቃጨቅ ቢሮው ተዘግቶ ስለነበር መልሱ የተነበበው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ወደ ልብስ ማጠቢያ አዛወሯት። እሷ «አንሶላ ቅር አይለውም» ብላ ትስቃለች። እናቷ ግን አልሳቀችም። «እንግዳ መቀበሉን ወዳው ነበር» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

አንተ እንግሊዝኛ አነባለሁ የምትለው፤ ጎረቤትህ ወረቀት ይዛ ስትመጣ አንድ ቃል ካጠራጠረህ፣ «አላውቀውም» በላት።