ማስታወቂያ የማያቋርጡት ሰው

ሽማግሌው ሞባይል ጥገና ቤቱ ሲመጡ ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባው ኮታቸው ነው፤ ሁለት እንግዳ አሳድሮ ለሦስተኛው ቦታ የሚተርፈው ኮት። የስልካቸው መስታወት ከሱቅ ሲወጣ የለበሰውን ላስቲክ እስከ ዛሬ አልላጡለትም። ጠጋኙን የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ቪዲዮ መሃል ማስታወቂያ ሲገባ «እለፍ» የሚለውን አይነኩም። የሳሙናም ይሁን የፍራሽ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ።

«አባባ፣ ይዝለሉት እንጂ።»

«ሰው ወሬውን ሳይጨርስ? እኔን እንዲህ አላሳደጉኝም።»

ባለፈው ሳምንት ጠጋኙ አንጀቱ አልችል ብሎ የማስታወቂያን ዘር የሚያጠፋ ነገር በነጻ ጫነላቸው። መርቀውት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩን እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጃቸው አቅፈው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ሰዎቹን ምን አደረግሃቸው?»

«የትኞቹን ሰዎች?»

«ያቺ የፍራሿ ልጅ እንኳን የለችም። ጠዋት ጠዋት ‹እንዴት አደሩ? ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎት?› የምትለኝ። ቤት ውስጥ ሌላ ማን ይጠይቀኛል ብለህ ነው?»

ጠጋኙ ስልኩን ተቀብሎ የጫነውን አነሳና አንድ ቪዲዮ ከፈተ። ገና ከመጀመሩ የፍራሿ ልጅ ፈገግ ብላ ብቅ አለች።

ሽማግሌው ወንበር ሳቡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ዛሬስ ትንሽ ይሻለኛል» አሏት።