በር የሌለው ቤት ዘፈን

ናደው የሚለውን ስም ያወጣለት ሥራው ነው። አሮጌ ቤት አፍራሽ ነውና ሰፈርተኛው እናቱ ያወጡለትን ስም ረስቶ ናደው አለው፤ እሱም አቤት አለ። ትከሻው የበር መቃን ይሞላል። ቁጣው ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል፤ ሚስቱ የእግሩን ኮቴ ሰምታ ነው ሰይጣኑ መምጣት አለመምጣቱን የምታውቀው።

ይህ ሰው አውርቶ የማይጠግበው አንድ ነገር ነበረው፤ የአባቱ ቤት። አንድ ክፍል፣ አንድ ኩራዝ፣ ሰባት ነፍስ። ከመውጫው በቀር በር የሚባል የለም። እሱ የመጨረሻው ልጅ ነበር፤ ሲመሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ድምፅ ይዘፍን ነበር። «ድሮ ቀረ! ምንም አልነበረንም፤ ግን እንዋደድ ነበር» ይላል፣ የሰው ግድግዳ እየናደ። የዛሬ ቤቱን ሲያይ ግን ደሙ ይፈላል። ሚስቱ፣ አንዲት ልጁና አሮጊት እናቱ ሁሉም በየክፍላቸው በር ዘግተው ነው የሚውሉት። ይሄ ቤት ነው ወይስ ሆቴል?

አንድ እሁድ ምሳ ቀርቦ ልጅቷ አልወጣም አለች። ሁለቴ ጠራት። አሁንም ሳትወጣ ስትቀር የሥራ መዶሻውን ከጓሮ አመጣ። ከዛሬ ጀምሮ እንደ አባቴ ቤት ነው የምንኖረው አለና መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አደቀቀው፣ ቀጥሎ የልጅቷን በር። እንጨቱ ተሰነጣጥቆ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ልጅቷ አልጋዋ ጥግ ኩርምት ብላለች። ሚስቱ ክንዱን ብትይዘው ወረወራት። ግንባሯ ከመቃኑ ተላተመ፤ ደሙ በቅንድቧ ላይ ወረደ። ሰውዬው ደም ሲያይ ይብስበታል እንጂ አይበርድለትም፤ በእግሩ ገፍትሮ አልፏት የመኝታ ቤታቸውን በር ከነማጠፊያው ነቀለው።

የቀረው የእናቱ ክፍል ነበር። አሮጊቷ እሱ ዘንድ ሊኖሩ ሲመጡ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ ያለው በር። እርጅና ነው ብሎ እየሳቀ ሠርቶላቸው ነበር። አሁን በሩን ከፍተው መዶሻው ፊት ቆመዋል። ዞር በይልኝ እማዬ አላቸው። አልተነቃነቁም።

«ያን ዘፈን ታስታውሰዋለህ?» አሉት።

«እንዴት እረሳዋለሁ!»

«አባትህ ነበር ዝፈኑ የሚላችሁ። እኔን ሲቀጠቅጠኝ ጎረቤት ጩኸቴን እንዳይሰማ። አንተ ትንሽ ነበርክ፤ እንዳታይ ብዬ ፊትህን ወደ ግድግዳ የማዞርህ እኔ ነበርኩ። ገብቼ የምዘጋው በር አልነበረኝማ፣ ልጄ።»

ናደው መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ታላቅ እህቱ አንዳንዴ ዘፈኑ መሃል ድምጿ ይሰበር እንደነበር፣ አባቱም «ጮክ በሉ!» ይል እንደነበር ትዝ አለው። ጨዋታ ይመስለው ነበር፤ ዕድሜ ልኩንም ሲመካበት ኖሯል። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

እናቱ ምራታቸውን ከወለሉ አነሱ፣ ልጅቷን ጠሩ፣ ሁለቱንም ወደ ክፍላቸው አስገብተው መቀርቀሪያውን ዘጉ። እሱ ስብርባሪው ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ አፏን አፍና ስትንሰቀሰቅ ይሰማዋል።

«አታፍኚው የኔ ልጅ» አሉ አያቷ ከውስጥ። «ጮክ ብለሽ አልቅሺ። እዚህ ቤት ማንም አይዘፍንም፤ ጎረቤት ይስማ።»

ልጅቷ ጮኸች። ብዙም ሳይቆይ የውጭው በር ተንኳኳ። ናደው ተነሥቶ ከፈተው።